ዓይን ይለምዳል

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ፎቶ የምታነሱ፣ ኤዲት የምታደርጉ፣ ባነርና የሠርግ አልበም የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ፎቶ የምታሠሩ ደንበኞችም ብትሆኑ ይመለከታችኋል፤ የሚታተመው የእናንተ መልክ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ናት። የምትሠሩበት ስክሪን የሚያሳያችሁ ቀለም ትክክል መሆኑን በምን አወቃችሁ?

ይቺን ጥያቄ ክፍል ውስጥ በጠየቅኩ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «ቲቸር፣ እያየሁት እኮ ነው!» ማየቱንማ ሁላችንም እናያለን። «ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው» ይባል የለ? ቀለም ላይ ሲመጣ ግን ዓይን የራሱ ጠባይ አለው። ያወዳድራል እንጂ አይለካም። ለዚያውም አጠገቡ ካገኘው ነገር ጋር ነው የሚያወዳድረው፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ ይለምዳል።

እኔ የምኖረው ፉሪ ነው። በመስኮቴ የፉሪ ተራራ ይታያል፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። ጠዋት ሰማያዊ ነገር ጣል ያደርግበታል፣ እኩለ ቀን ላይ ዛፉና አፈሩ ለየብቻ ይታያል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደግሞ ይቀላል። ተራራው ያው ተራራ ነው፤ የሚቀየረው ብርሃኑ ነው። አሁን ደግሞ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ አስቡ። ፀሐይ ላይ ነጭ ነው። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ታጥፎ ሲቀመጥም ነጭ ነው። ካሜራውን የቀን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ሁለቱንም ብታነሱ ግን የማታው ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል። ዓይናችንና አእምሯችን ተባብረው «ነጠላ ነጭ ነው» ብለው ሒሳቡን ያስተካክሉልናል።

ይሄ ለኑሮ ትልቅ ስጦታ ነው። የበሰለውን ቲማቲም ከጥሬው በጠዋትም በማታም የምንለየው በዚህ ነው። ስክሪን ፊት ስንቀመጥ ግን ይኸው ስጦታ ያታልለናል። ወደ ሰማያዊ ያደላ ሞኒተር ፊት ትንሽ ደቂቃ ከተቀመጣችሁ ያ ሰማያዊ ነጭ ይሆንላችኋል። ዓመት ሙሉ ከተቀመጣችሁበትማ ትክክለኛውን ነጭ ስታዩ «ምነው ቢጫ ሆነ?» ትላላችሁ።

እሺ፣ ስክሪኑስ ለምን ይሳሳታል?

ኮምፒውተር ቀለም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ቁጥር ይልካል፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። ቁጥሩ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ ብርሃን የሚያወጣው ሞኒተሩ ነው፤ እያንዳንዱ ሞኒተር ደግሞ የሚያወጣው በራሱ ዓቅምና በራሱ ጠባይ ነው።

ወጥ አስቡ። አንዲት እናት ለልጇ በስልክ «ሁለት ጭልፋ በርበሬ ጨምሪበት» ብትላት፣ የእናትየው ጭልፋና የልጅቷ ጭልፋ እኩል ካልሆነ ወጡ አንድ አይሆንም። ትእዛዙ ትክክል ነው፣ ልጅቷም ታዛዥ ናት፤ ልዩነቱ ያለው ጭልፋው ላይ ነው።

ስለዚህ የጋራ ጭልፋ ያስፈልጋል። የቀለም ሳይንስ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ራይትና ጊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር በ1920ዎቹ ያደረጉትን ሙከራ ይዞ፣ የሰው ዓይን ቀለምን እንዴት እንደሚያዛምድ በቁጥር አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1993 የኮምፒውተርና የሶፍትዌር ኩባንያዎች ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የቀለም ኮንሶርቲየም አቋቋሙ፤ ሁላችሁም ፎቶሾፕ ላይ የምታዩት «አይሲሲ ፕሮፋይል» ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ኤችፒና ማይክሮሶፍት ኤስአርጂቢ የሚባለውን የጋራ ደረጃ አቀረቡ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የምታዩት አብዛኛው ፎቶ የሚሰፈረው በዚህ ጭልፋ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትደባልቁ። አንደኛው ካሊብሬሽን ነው፤ ስክሪኑን ወደታወቀ ልክ ማምጣት ማለት ነው። የነጩ ልክ 6500 ኬልቪን፣ ጋማው 2.2፣ የብርሃኑ መጠን ደግሞ ለፎቶና ለኅትመት ሥራ በስኩዌር ሜትር ከ100 እስከ 120 ካንዴላ አካባቢ። ሁለተኛው ፕሮፋይል ነው፤ ስክሪኑ ከተስተካከለ በኋላም የቀረውን ጠባዩን መዝግቦ ለሶፍትዌሩ የሚናገር ፋይል። የመጀመሪያው ጭልፋውን ማቃናት ነው። ሁለተኛው «የእኔ ጭልፋ ከጋራው በዚህ ያህል ይለያል» ብሎ መጻፍ ነው።

ይሄን ሁሉ የምላችሁ ለምንድን ነው? እዚሁ ሰፈራችን የሆነ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከፉሪ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አለው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እጁም ዓይኑም ጥሩ ነው። አንዲት እናት የባለቤታቸውን ሙት ዓመት ሊያወጡ ፈልገው የድሮ ጉርድ ፎቶ አመጡለት። ስካን አደረገ፣ ጭረቱን አጠፋ፣ አሳደገ፣ አሳትሞ በፍሬም አቀረበ። ሴትየዋ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «ልጄ፣ የልጆቼ አባት ጠይም ነበር። ይሄ የታመመ ሰው ነው» አሉት። ቀጥለውም «በመጨረሻው ሰሞን እንዲህ ሆኖ ነበር። እኔ እንዲህ ሆኖ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አልፈልግም» አሉ።

ልጁ ደንግጦ ስክሪኑን አየ። ስክሪኑ ላይ ሰውየው ጤነኛ ነው፣ ጠይም ነው፣ ያማረ ነው። ደግሞ አሳተመ፤ ያው ቢጫና ጨለማ። ማተሚያ ቤቱን ወቀሰ። ማተሚያ ቤቱ «የላክልንን ነው ያተምነው» አለው። በመካከል ገንዘቡ ሄደ፣ ቀኑ ደረሰ፣ ሴትየዋም ለዝክሩ የሚሰቅሉት ፎቶ አጡ።

ደውሎልኝ በመለኪያ ዕቃዬ ሄጄ ለካሁት። የነጩ ልክ 8400 ኬልቪን ገደማ ነው፤ ማለትም ወደ ሰማያዊ በጣም ያደላ። ብርሃኑ 290 ካንዴላ፤ ከሚገባው ከሁለት እጥፍ በላይ። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ስክሪኑ ሰማያዊ ስለሆነ ልጁ የፊቱን ቀለም «ለማሞቅ» ቢጫ ጨመረ። ስክሪኑ በጣም ስለሚያበራ «ፈዘዘ» ብሎ ፎቶውን አጨለመ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ሰውየው ደህና ሆነ። ወረቀቱ ላይ ግን ስክሪኑ የለም፤ የቀረው የተጨመረው ቢጫና የተጨመረው ጨለማ ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቱ እውነቱን ነበር፤ ልጁም ባየው ልክ ነበር የሠራው። የዋሸው በመካከላቸው የቆመው ሞኒተር ነው።

ካሊብሬት አድርገን ስንጨርስ ልጁ የተናገረው ነገር ሁልጊዜ የምሰማው ነው፤ «ቲቸር፣ ቢጫ ሆነብኝ፣ ደበዘዘብኝ!» ሁለት ቀን ታገሠው አልኩት። ከዚያ ያንን ፋይል እንዲከፍተው ነገርኩት። ሳይነካው፣ ሳያትመው፣ ሴትየዋ ያዩትን ሰው ራሱ ስክሪኑ ላይ አየው። ዝም አለ። ፎቶውን እንደገና ሠርቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሳትሞ፣ ገንዘብ ሳይቀበል ወሰደላቸው።

እኔን ከዚህ ታሪክ የቆረቆረኝ የባከነው ወረቀት አይደለም። ስክሪን ሲዛነፍ ቀድሞ የሚበላሸው የእኛ መልክ መሆኑ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

አማርኛችን ለመልክ ስንት ስም አለው? ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ። እናቶቻችን ልጅ ሲገልጹ እነዚህን አይደባልቁም። በጠይምና በየቀይ ዳማ መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሲታይ ግን ጥቂት ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ዝርዝሩን የሚይዘው በጨለማው የቁጥር ወገን ነው። ኅትመት ላይ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ሲገባ ነጥቡ ይሰፋል፣ ጨለማው ይበልጥ ይጨልማል። ስለዚህ ስክሪናችሁ ከመጠን በላይ አብርቶ ፎቶውን ካስጨለማችሁ ጉንጭ፣ የአፍንጫ ጥላ፣ የግንባር መስመር ሁሉም አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ። ፊቱ ላይ ሰማያዊ-አረንጓዴው ቀለም፣ ማተሚያ ቤቶች ሳያን የሚሉት፣ ትንሽ ከበዛ ደግሞ ያ የሚያበራ ጠይም አመድ ይመስላል። ነጣ ያለ ፊት በተመሳሳይ ስሕተት ትንሽ ይጎዳ ይሆናል፤ ጠይሙ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

ይህ ነገር ዛሬ የመጣ አይደለም። ኮዳክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ አንዲት ነጭ ሴት አለች፤ በመጀመሪያዋ ሴት ስም «ሸርሊ» ተባለ። የሸርሊ ፊት ከተስተካከለ ማሽኑ ተስተካከለ ማለት ነው። የእኛ ዓይነት ፊት መመዘኛው ውስጥ አልነበረም። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳስረዳችው፣ ፊልሙ ጠቆር ያሉ ቀለሞችን እንዲለይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ። ጥቁር ቸኮሌት ከወተት ቸኮሌት አልለይ ብሏቸው ማለት ነው! የተለያየ መልክ ያላቸው ሴቶች ያሉባቸው ካርዶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ያ ዘመን አለፈ። ዛሬ ካሜራውም ስክሪኑም የእኛን መልክ በትክክል ማሳየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ባለ 24 ካሬው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ እንኳ የመጀመሪያ ካሬው ጠቆር ያለ የቆዳ ቀለም ነው። አሁን መመዘኛው በእጃችን ነው። እኛው በገዛ ቤታችን፣ በገዛ እጃችን፣ ባልተስተካከለ ስክሪን የአባቶቻችንን መልክ ብናጠፋ በማን እናመካኛለን?

ጉዳዩ ደግሞ ፎቶ ቤት ብቻ አይደለም። ሽሮ ሜዳ የተሸመነ ቀሚስ ፎቶው በቴሌግራም ተልኮ ዋሽንግተን ያለች እህት ስታዝዝ፣ የጥለቱ ቀይ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት፣ እጇ ሲደርስ ሌላ ዓይነት ከሆነ ጠቡ የሸማኔው ይሆናል። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞች የራጅ ምስል የሚያዩበት ሞኒተር የራሱ የግራጫ ደረጃ መለኪያ ወጥቶለታል፤ በየጊዜው መፈተሽም አለበት። ምክንያቱም አንዲት ቀጭን የግራጫ ልዩነት የሰው በሽታ ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። «ቲቸር፣ መለኪያ ዕቃ የለኝም» የምትሉትን እሰማለሁ። በባዶ እጅ የሚሠራውን አስቀድማለሁ።

አንደኛ፣ ሞኒተሩን አብርታችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ስክሪን እስኪሞቅ ድረስ ቀለሙም ብርሃኑም ይንቀሳቀሳል። መብራት ሄዶ ከመጣ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። ፉሪ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ መብራት እንደመጣ ዘልላችሁ ቀለም አታስተካክሉ፤ መጀመሪያ ፋይል አደራጁ፣ ፎቶ ምረጡ፣ ጽሑፍ ሥሩ።

ሁለተኛ፣ ዓይናችሁን ለማስደሰት የተቀመጠውን ሁሉ አጥፉ። «ቪቪድ»፣ «ጌም»፣ «ሲኒማ» የሚባሉ ሞዶችን ትታችሁ «ኤስአርጂቢ» ወይም «ስታንዳርድ» ላይ አድርጉ። ማታ ስክሪኑን የሚያሞቀውን ናይት ላይት፣ ብርሃኑን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን አውቶ ብራይትነስ፣ አፕል ላይ ደግሞ ትሩ ቶንን አጥፉ። ለዓይን ዕረፍት ጥሩ ናቸው፤ ለሥራ ሰዓት ግን አይሆኑም።

ሦስተኛ፣ ክፍላችሁን እዩ። ከጀርባችሁ መስኮት ካለ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ጣሪያችሁ ላይ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ካለ ክፍሉ በየሰዓቱ ይቀያየራል። ግድግዳው ደማቅ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከተቀባ፣ ያ ቀለም ስክሪኑ ላይም ዓይናችሁ ላይም ያንጸባርቃል። ግራጫ ወይም ነጭ ግድግዳ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አምፖል። ስቱዲዮአችሁን ሁሉ መቀባት አይጠበቅባችሁም፤ ከሞኒተሩ ጀርባ ያለችው ግድግዳ ብቻ ትበቃለች። አቧራውንም አትርሱ። የበጋው የፉሪ አቧራ ስክሪን ላይ ሲያርፍ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል፤ ሞኒተሩን አጥፍታችሁ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

አራተኛ፣ ብርሃኑን ቀንሱ። ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት እዚህ ነው። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ያዙ፤ በክፍሉ ብርሃን የሚታየው ወረቀትና ስክሪኑ ላይ ያለው ባዶ ነጭ ገጽ ድምቀታቸው እስኪቀራረብ ድረስ ብራይትነሱን ዝቅ አድርጉት። ስክሪኑ እንደ መስኮት ካበራ በዝቷል። ወረቀቱ በጣም የነጣ ከሆነ ግን ነጭነቱ ላይ አትመኩበት፤ አንጸባራቂ ኬሚካል ያለበት ወረቀት በቀን ብርሃን ሰማያዊ ነገር ያሳያል። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጠላም እንዲሁ ነው።

አምስተኛ፣ ዊንዶውስም ማክም ስክሪን ማስተካከያ አብሯቸው ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ «ካሊብሬት ዲስፕሌይ ከለር» ብላችሁ ፈልጉ። የሚዳኘው የእናንተው ዓይን ስለሆነ መለኪያን አይተካም፤ ጥቁሩና ግራጫው ላይ ያለውን የባሰ ችግር ግን ያወጣዋል።

ስድስተኛ፣ ምስክር ፎቶ ይኑራችሁ። የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች ያሉበት፣ ነጭ ልብስ፣ ጥቁር ልብስና ግራጫ ነገር ያለበት አንድ ፎቶ ምረጡ። ሳትነኩት፣ ሁልጊዜ በምታሳትሙበት ቤት አሳትሙት። ብርሃን እንዳያደበዝዘው በፖስታ አስቀምጡት። ስክሪናችሁን በተጠራጠራችሁ ቁጥር አውጡና ከፋይሉ ጋር አስተያዩት። ነገር ግን ለአንድ ለተበላሸ ኅትመት ብላችሁ ሞኒተራችሁን አታጣሙ። ደንበኛው ስልክ ላይ ካየው ጋር ለማመሳሰልም አትሞክሩ፤ የስንቱን ስልክ ታመሳስላላችሁ?

ይሄ ሁሉ ግማሽ መንገድ ያደርሳችኋል። ሙሉውን የሚያደርሰው መለኪያው ነው። ኮለሪሜትር ይባላል፤ እንደ ኮምፒውተር ማውዝ ያለች ትንሽ ዕቃ ናት። ስክሪኑ ላይ ትለጠፋለች፣ ሶፍትዌሩ የተለያየ ቀለም ያሳያታል፣ እሷ የወጣውን ብርሃን ትለካለች፤ በታዘዘውና በወጣው መካከል ያለውን ልዩነት ኮምፒውተሩ ያሰላና ያርማል። ልዩነቱ ዴልታ ኢ በሚባል ቁጥር ይነገራል፤ 1 አካባቢ ከሆነ ዓይን የማይለየው ያህል ነው፣ እስከ 2 እና 3 ድረስ ለእኛ ሥራ ደህና ነው። ስፓይደርና ካሊብራይት የሚባሉት ታዋቂዎቹ ናቸው። ሶፍትዌር ለመግዛት ዓቅም ከሌላችሁ አርጂልና ዲስፕሌይካል የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ።

ዕቃዋ የምትሸጠው በዶላር ስለሆነች ለአንድ ትንሽ ፎቶ ቤት ትከብዳለች። ግን አስቡት፤ አንድ ሞኒተር በወር አንድ ጊዜ ቢለካ ይበቃዋል፣ አንዱ ልኬት ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ዕቃዋ የቀረውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ነው የምትተኛው። ታዲያ ለምን ዕቁብ አትገቡም? አምስት ስድስት ፎቶ ቤቶች ከፉሪ፣ ከለቡ፣ ከዓለም ገና ተሰባስባችሁ አንዷን ግዙ። በወሩ መጀመሪያ ከቤት ወደ ቤት ትዙር። በዚያው ሥራችሁን እያስተያያችሁ ትማማራላችሁ። ስታዋሱ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቋት፤ እሷም ብትሆን በዘመን ብዛት ትደክማለች።

ከተለካ በኋላም የሚረሳ ነገር አለ። የማስተካከያው መረጃ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ነው የሚጫነው። መብራት ሄዶ ከመጣ ወይም ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ከነቃ በኋላ አንዳንዴ ሳይጫን ይቀራል፤ ፕሮፋይሉ መመረጡን አረጋግጡ። ያገለገለ ሞኒተር የምትገዙም ልብ በሉ፦ ከኤልኢዲ በፊት የነበሩት፣ በቀጭን ፍሎረሰንት የሚበሩት፣ ሲያረጁ እየፈዘዙ ወደ ቢጫ ያደላሉ። ከላይ ወይም ከታች ስታዩት ፊቱ የሚገለበጥ፣ ቲኤን የሚባለው ዓይነት ስክሪን ለቀለም ሥራ አይሆንም፤ አይፒኤስ ፈልጉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ስክሪንም ቀስ በቀስ ነው የሚዛነፈው። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ቢበላሽማ ኖሮ ሁላችንም እናውቅበት ነበር።

አንድ ነገር ግን ቃል አልገባላችሁም። ካሊብሬሽን ወረቀትን ስክሪን አያደርገውም። ስክሪን ራሱ ያበራል፣ ወረቀት የሚታየው በሰው ብርሃን ነው። ስክሪን ላይ የሚንቦገቦግ ሰማያዊና አረንጓዴ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች አይወጣም። የአደይ አበባን ቢጫ ውሰዱ፤ ለእንቁጣጣሽ ፖስተር ሁላችሁም ትሠሩታላችሁ። ማጀንታው ትንሽ ከበዛበት አደይነቱ ቀርቶ ብርቱካን ይሆናል። የተስተካከለ ስክሪንና የማተሚያ ቤታችሁ ፕሮፋይል ካላችሁ ግን ይሄን ሳታሳትሙ በፊት ስክሪኑ ላይ ታዩታላችሁ፤ ፎቶሾፕ «ፕሩፍ ከለርስ» የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማተሚያ ቤታችሁን ጠይቁ፦ የትኛው ወረቀት ነው? ፕሮፋይል አላችሁ? መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚጠይቅ ደንበኛ ሲበዛ እነሱም ያዘጋጃሉ።

ለደንበኞችም አንዲት ቃል። አልበም ስትቀበሉ መብራት ሥር ብቻ አትዩት፤ ደጅ አውጡትና በጥላ ውስጥ በቀን ብርሃን እዩት። «አቅላልኝ፣ አንጣልኝ» ከማለታችሁ በፊትም አስቡበት። ዛሬ የነጣችሁበት ፎቶ የዛሬ 30 ዓመት ልጆቻችሁ «እናቴ እንዲህ ነበረች» ብለው የሚያሳዩት እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ልጆች፣ የቤት ሥራችሁ ይኸው። ዛሬ ማታ ስክሪናችሁን አሙቁ፣ ሞዱን አስተካክሉ፣ ብርሃኑን ቀንሱ። ከዚያ የምታውቁትን፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው ፎቶ ክፈቱ። ሰውየውን ከሞኒተሩ ጎን አቁሙና አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ ስክሪኑን እዩ። ያገኛችሁትን ጻፉልኝ። ዕቁቡን ለመጀመር የምትፈልጉም በውስጥ መስመር አናግሩኝ፤ የእኔን መለኪያ ለመጀመሪያው ዙር አውሳለሁ። ቀኑን ግን በወረቀት ቁራጭ ጽፋችሁ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ለጥፉ፤ ወሩ ሲሞላ ዓይናችሁ አያስታውሳችሁም።